አፄ ምኒልክና የዓድዋ ስንቅ

ስለ ዓድዋ ሲነሳ በብዛት የሚወራው ስለ ጦሩና ስለ መድፉ ነው። ወደ መቶ ሺህ የሚገመተውን ሠራዊት ለወራት ማን አበላው የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። ለእኛ ለግብርና ሰዎች ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል።

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት ነበሩ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው መቅደላ ኖሩ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ አገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ፣ በሬ ሲጠፋ እርሻው ቆሞ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበዋል።

በዚያ ዘመን ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመደበ ይበላ ነበር። ምኒልክ ከዘመቻው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ይህንን ለማስቀረት አስራትን ደነገጉ፤ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ ሆነ።

የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታወጀ፤ ጦሩ በጥቅምት ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ። ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው በሚደርስበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ ከኮልፌ ቀራኒዮ ዓድዋ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ የጭነት መኪና እንፈልጋለን። ያን ጊዜ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው የተጓዘው በሴቶችና በአሽከሮች ትከሻ፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነው።

አምባላጌ ኅዳር 28 ተያዘ። የመቀሌው ምሽግ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተቆርጦበት በጥር ተለቀቀ። ከዚያ ግን ሁለቱ ጦሮች ዓድዋ አካባቢ ተፋጠው ሳምንታት አለፉ፤ ያን ጊዜ ረሃቡ ከጠላት ባሰ። ስንቅ ፍለጋ የሚወጣው ወታደር ቀን በቀን እየራቀ ሄደ። የትግራይ ገበሬ እህልና ከብት በሁለቱም ወገን ተበላ፤ አስራት የተደነገገበት ዓላማ እዚያ አልሠራም። የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪም ስንቁ ተሟጥጦ ነበርና ሳይመቸው ወጥቶ የካቲት 23 ቀን ተመታ። ጥቂት ቀናት ቢታገስ ኖሮ ምኒልክ ሳይዋጉ በረሃብ ምክንያት ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

ከድሉ በኋላ ጦሩ መረብን ያልተሻገረበት አንዱ ምክንያት ይኸው የስንቅ እጥረት ነው።

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አስራቱ ግን በኋላ በገንዘብ ተተምኖ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካው ድረስ ከገበሬው ሲሰበሰብ ቆየ።