ላይትነር ዊትመር፤ የሰነፉን ልጅ ምክንያት የመረመሩ መምህር

በየትምህርት ቤቱ የማይጠፋ አንድ ልጅ አለ። በቃል ሲጠየቅ አሳምሮ ይመልሳል፤ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን ሁሉ ይጠፋዋል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ወላጆቹ በአርጩሜ ይገሥጹታል፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ እሱም በመጨረሻ የተባለውን አምኖ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለው የአባቶቻችን ምክር በዚህ ልጅ ላይ ሲሠራበት እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ታሪካቸውን የምንተርክላቸው ፕሮፌሰር ላይትነር ዊትመር የዚህን ልጅ ነገር ከሥሩ ለመመርመር በዩኒቨርስቲ ውስጥ መጀመሪያ ቦታ ያበጁ፥ ምርመራውንም ለተማሪዎች ሙያ አድርገው ያስተማሩ ሰው ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊትመር በአሜሪካ አገር፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፥ በፊላደልፊያ ከተማ በ1867 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው መድኃኒት ነጋዴ ነበሩ። በ1884 ዓ.ም. ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርስቲ ገብተው በ1888 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ወዲያው ሊቅ አልሆኑም፤ እንደ ብዙዎቹ ተመራቂዎች የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኑ እንጂ። በፊላደልፊያ በሚገኘው በራግቢ አካዳሚ ታሪክና እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ፥ ዩኒቨርስቲ ለመግባት የሚመኝ ነገር ግን በቋንቋ ትምህርት እጅግ የሚቸገር አንድ ተማሪ ገጠማቸው። ዊትመር ልጁን ለብቻው እየወሰዱ፥ ችግሩ ከየት ላይ እንደሚጀምር በትዕግሥት እየፈለጉ አስተማሩት። ያን ጊዜ ለሥራቸው ስም አልነበረውም። በኋላ ግን የሙያቸው ዘር የተዘራው በዚያች ክፍል ውስጥ መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል።

በዚያን ዘመን ሳይኮሎጂ ገና አዲስ ትምህርት ነበር። የዓለም ተማሪዎች ሁሉ ዓይናቸውን የጣሉት ሊቁ ዊልሄልም ቩንት በ1879 ዓ.ም. ላቦራቶሪ ባቋቋሙባት በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ ላይ ነበር። ዊትመርም በመምህራቸው በጄምስ ማኪን ካቴል ምክር ወደዚያው ሄደው ከቩንት ዘንድ ተማሩና የዶክቶርነት ጥናታቸውን በ1892 ዓ.ም. ፈጸሙ። ጥናታቸውም የቅርጾች ልክ ለሰው ዓይን ሲያምር ወይም ሳያምር የሚቀርበት ምክንያት ምን እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ካቴል ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ተዛውረው ስለነበር፥ ዊትመር ሲመለሱ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርስቲ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ኃላፊነቱን ተረከቡ።

እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ከሌሎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ታሪክ የሚለይ አይደለም። በላቦራቶሪው ውስጥ የሚለካው ነገር ሰው ብርሃን አይቶ እጁን ለማንሣት ስንት ቅጽበት እንደሚፈጅበትና ይህን የመሰለው ነበር። ይህ ዕውቀት ለክፍል መምህር ምን ይረባል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ከላቦራቶሪው ውጭ፥ ያውም ከአንዲት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው።

ወይዘሪት ማርጋሬት ማጓየር የሚባሉ የፊላደልፊያ መምህርት፥ ዩኒቨርስቲው ለአስተማሪዎች ባዘጋጀው ትምህርት ላይ የዊትመር ተማሪ ነበሩ። በማርች ወር 1896 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆነውን አንድ ልጅ ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። ልጁ አስተዋይ ነው፤ በሌላው ትምህርት ይበረታል፤ ስፔሊንግ ግን ፈጽሞ አይሆንለትም። መምህርቲቱ ያቀረቡት ሐሳብ አጭርና ከባድ ነበር፤ ይኸውም የሰው አእምሮ ጥናት አንዳች ጥቅም ያለው ከሆነ ለእንዲህ ያለው ልጅ መድረስ ይገባዋል የሚል ነው። ዊትመር ለዚህ ልጅ መድኃኒት የሚሆን መጽሐፍ ቢፈልጉ አላገኙም። ስለዚህ ልጁን ራሱን መረመሩት። በምርመራውም የዓይን ጉድለት እንዳለበት፥ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የሚያይበት ጊዜ እንዳለ ተገኘ። መነጽር ተደረገለት። መነጽሩ ብቻ ግን አልበቃም፤ ዓይኑ ሲስት የኖረባቸው ዓመታት የቃላትን መልክ ከአእምሮው አርቀውት ነበርና ንባብን እንደገና ከሥሩ መማር አስፈለገው። ዊትመርና መምህርቲቱ ተባብረው አስተማሩት፤ ልጁም እየተሻሻለ ሄደ። በጽሑፋቸው ውስጥ ቻርልስ ጊልማን የሚል የተሰወረ ስም የሰጡት ይህ ልጅ ነው። በ1896 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርስቲ የተከፈተው የሳይኮሎጂ ክሊኒክ በዓለም የመጀመሪያው ሲሆን፥ የተከፈተውም በዚህ ልጅ ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር በቦስተን ከተማ ሲሰበሰብ ዊትመር ቆመው ዕቅዳቸውን አስረዱ። ዕቅዱ አራት ክፍል ነበረው። አንደኛው የተማሪዎችን የአእምሮ ዕድገት በስታቲስቲክስና በክሊኒክ ዘዴ መመርመር፤ ሁለተኛው ክሊኒክ ማቋቋምና ከአጠገቡ ልጆች እየታከሙ የሚማሩበት ትምህርት ቤት መክፈት፤ ሦስተኛው መምህራንና ሐኪሞች የተግባር ሥራ እንዲያዩበት ማድረግ፤ አራተኛው ተማሪዎችን ለአዲስ ሙያ ማሠልጠን ነው። ይህ አዲስ ሙያ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተመድቦ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች የሚመረምርና የሚረዳ የሳይኮሎጂ ባለሙያ ነው። ዛሬ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት የምንለው ሰው እንግዲህ በዚህ አራተኛ ቁጥር ላይ ይገኛል። ሽማግሌዎቹ ሊቃውንት ንግግሩን በዝምታ እንዳሳለፉት ይተረካል። ላቦራቶሪን ትቶ የሰነፍ ልጅ አስጠኚ መሆን ለሊቅ የሚገባ ሥራ አልመሰላቸውም ይሆናል።

ዊትመር ጭብጨባ አልጠበቁም። በጁላይ ወር 1897 ዓ.ም. ለአራት ሳምንታት የቆየ የክረምት ትምህርት ከፈቱ። አሠራሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተማሪው ስለ አእምሮ ሌክቸር ይሰማል፤ በላቦራቶሪ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ግን ክሊኒኩ በየቀኑ ክፍት ሆኖ ልጆች በፊቱ ሲመረመሩ ያያል። ከአጠገቡ ባለው ክፍል ደግሞ እነዚያው ልጆች በየቀኑ ሲማሩ ይመለከታል። እንደ ሕክምና ተማሪ ከበሽተኛው አልጋ ጎን ቆሞ ይማራል ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ልጁን ሐኪም እንዲያየው፥ አንድ ሠራተኛም ቤቱ ሄዶ ኑሮውን እንዲመለከት ተደረገ። ልጁ የሚያንቀላፋው አእምሮው ስለ ደከመ ነው ወይስ ስለ ራበው? ጆሮው አልሰማ ብሎ ነው ወይስ ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ? ሠልጣኙ ይህን ሳይለይ እንዲፈርድ አይፈቀድለትም ነበር።

በ1907 ዓ.ም. ዊትመር የሳይኮሎጂ ክሊኒክ የተባለ መጽሔት መሠረቱ፤ ለሙያውም ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚለውን ስም ሰጡት። የሚያሳዝነው ቻርልስ ጊልማን በዚያው ዓመት በሳምባ ነቀርሳ በሽታ መሞቱ ነው። በ1908 ዓ.ም. ልጆች እየኖሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1911 ዓ.ም. ደግሞ በትምህርት ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች ስለሚዘጋጅ ልዩ ክፍል መጽሐፍ አሳተሙ።

በዚሁ ዘመን የፈረንሣዊው የአልፍሬድ ቢኔ የአእምሮ መለኪያ ወደ አሜሪካ ገብቶ ነበር። መለኪያው ለብዙ ትምህርት ቤት ምቹ ሆነ፤ ልጁን አስቀምጦ ጥያቄ መጠየቅ፥ ከዚያም ቁጥር መጻፍ ነው። ዊትመር ፈተናን አልጠሉም፤ ራሳቸውም ብዙ ፈተና ሠርተዋል። ነገር ግን ቁጥሩ የምርመራ መጨረሻ ነው መባሉን አልተቀበሉም። ልጅን ለማወቅ ፍቱን የሆነው መንገድ አንድ ነገር እያስተማሩት እንዴት እንደሚማር ማየት ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ለዚህ ሥራ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሠለጠነ ሰውም ያስፈልጋል። ርካሹ መንገድ አሸነፈና የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ለብዙ ዓመታት ፈተና ፈታኞች ሆነው ቆዩ።

ዊትመር ጠባያቸው ለስላሳ አልነበረም። እንደ ዊልያም ጄምስ ካሉ ታላላቅ ሊቃውንት ጋር በጽሑፍ ተጣልተዋል። በጽሑፎቻቸውም በዘመናቸው አእምሮአቸው ደካማ ነው ለተባሉ ሰዎች ይሰጥ የነበረው ስምና ፍርድ ይገኛል፤ ይህም ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ይሁን እንጂ ያ ደረቅ ጠባያቸው በጎ ሥራ የሠራበትም ጊዜ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ ይቃወሙ የነበሩትን የኢኮኖሚክስ መምህር ስኮት ኒሪንግን ዩኒቨርስቲው ባሰናበተ ጊዜ፥ ዊትመር እዚያው ደመወዝተኛ ሆነው ሳለ ለባልንጀራቸው የሚሟገት መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ። በ1937 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በ1956 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

የዘሩት ግን በቅሏል። በ1915 ዓ.ም. አርኖልድ ጌዝል በኮነቲከት ግዛት የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት በሚል ማዕርግ ተሾሙ። በ1954 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት በቴየር ሆቴል የተደረገው ጉባኤ የሠልጣኞቹ ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት መክሮ፥ የሁለት ዓመትና የዶክቶርነት ተብሎ በሁለት ደረጃ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በአሜሪካ አገር የሙያ ማኅበሩ በደነገገው ሥርዓት መሠረት፥ ሠልጣኙ ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ ቢያንስ 60 ክሬዲት ይማራል፤ የልጅ ዕድገት፥ የምርመራ ዘዴ፥ ስታቲስቲክስ፥ የምክር አገልግሎት፥ ከወላጅና ከመምህር ጋር አብሮ መሥራት፥ የሙያው ሕግና ሥነ ምግባር በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያም 1,200 ሰዓት በተግባር ይለማመዳል፤ ከዚህም ቢያንስ 600ው በትምህርት ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ይህን ድንጋጌ የሚያነብ ሰው የ1897 ዓ.ም. የክረምት ትምህርት ከነክሊኒኩ ሰፍቶና ተደራጅቶ እንደ ተመለሰ ያስተውላል።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ጠመኔ ይይዛሉ። ስለ ዊትመር ስናነብ ልናስተውለው የሚገባን ሥራውን የጀመረው ሊቁ አለመሆናቸውን ነው። የጀመሩት ለአንድ ልጅ ሰነፍ የሚል ስም ሰጥተው ማለፍን እንቢ ያሉ የክፍል አስተማሪ ናቸው። የሊቁ ክብር ጥያቄው ከታች ሲመጣላቸው አለመናቃቸው ነው። ዩኒቨርስቲም የሚመዘነው በዚሁ ይመስለናል፤ የልጁ ጉዳይ ከደጃፉ ሲደርስ ይከፍትለታል ወይስ አይከፍትለትም?