ኢብኑ በጡጣ፦ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ወደ ጠንጃ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የኢብኑ በጡጣን (ረሒመሁላህ) ስም ያልሰማ ከመሀላችን ያለ አይመስለኝም። መድረሳ ስንቀራ ኡስታዞቻችን ያነሱልን ነበር፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አግኝተነዋል። ሁላችንም የምናውቀው ግን መሄዱን ነው። እንዴት እንደተመለሰ ብዙ ጊዜ አይወራም። እኔም ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ካነበብኩ በኋላ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ለናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ሙሉ ስሙ አቡ ዐብዲላህ ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዲላህ ይባላል። በ703 ዓመተ ሒጅራ (1304 እ.ኤ.አ.) በሞሮኮ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዛሬ ታንጂር በምትባለው በጠንጃ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ቃዲዎች የወጡበት ነው። እሱም የማሊኪያን ፊቅህ ቀርቶ በረጀብ 725 (ሰኔ 1325) ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። ያኔ ዕድሜው 21 ነበር፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው። እናትና አባቱ በሕይወት ነበሩ፤ ሲለያዩ እሱም እነሱም አዝነዋል። ቱኒስ ከነበሩት ሙሳፊሮች ጋር ሲደርስ የከተማው ሰው ወጥቶ ሌሎቹን እየተቀበለ ሰላም ሲል እሱን የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም። እንባውን መቆጣጠር አቅቶት አለቀሰ፤ ከሐጃጆቹ አንዱ አይቶት ነው ቀርቦ ያጽናናው። ፍሬሽ ሆነን ሻንጣችንን ይዘን ግቢ የገባንበትን ቀን ያስታወሰ ሰው ይሄን ቦታ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። መካ፣ ዒራቅ፣ የመን፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ቱርክ፣ መካከለኛው እስያ፣ በዴልሂ ቃዲነት፣ በማልዲቭስ ደሴቶችም ቃዲነት፣ ሱማትራ፣ ቻይና። በሕይወቱ የተጓዘው ሁሉ ሲደመር 120,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል ይባላል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስት ጊዜ መዞር ማለት ነው። የኛ የኢፋት ነጋዴዎች ይወርዱባት በነበረችው ዘይላዕ ወደብም አልፏል። የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት ከተማው ውስጥ አላድርም ብሎ፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ አድሯል። አያቶቻችን ይሄን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ!

ቻይና ውስጥ ያጋጠመው ነገር ግን ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅማል። በአንድ ከተማ ሳለ አንድ የተከበረ ሙስሊም ሊጠይቀው መጣ። ኢብኑ በጡጣ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ የሚያውቀው ሰው መሰለው። ከየት እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውየው ከሰብታ መሆኑን ነገረው። ሰብታ ከጠንጃ ቅርብ ናት፤ ጎረቤት በላት። ቡሽሪ ይባላል፤ ድሮ ዴልሂ ውስጥ ገና ጺም ሳያበቅል ተያይተው ነበር። አሁን ቻይና ላይ ትልቅ ሀብታም ሆኗል። የአገር ልጅ ሲያገኝ ግን ሀብቱ ሁሉ አላጽናናውም፤ አለቀሰ፣ ኢብኑ በጡጣንም አስለቀሰው።

ከቻይና መልስ በ1348 ደማስቆ ደረሰ። ደማስቆን መጀመሪያ ያያት ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ወደ ሐጅ ሲሄድ ነው። ያኔ እዚያ አግብቶ ሚስቱን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ትቷት ነበር። ህንድ ሳለ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰምቶ ለልጁ አያት አርባ የወርቅ ዲናር ልኳል። አሁን ከተማው ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለልጁ ነበር። መስጂድ ገብቶ የማሊኪዮቹን ኢማም አገኘና ጠየቃቸው። ልጁ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል አሉት። ከጠንጃ የመጣ አንድ ሽማግሌ ዓሊም በአንድ መድረሳ እንዳለም ነገሩት። ሮጦ ሄደ። ሽማግሌው ደግሞ አባቱ ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት እንዳለፈ፣ እናቱ ግን በሕይወት እንዳሉ ነገሩት። እሱ በዴልሂ ቤተ መንግሥት በክብር ሲኖር፣ የአባቱም የልጁም መርዶ ባለቤቱን ሳያገኝ ደማስቆ ላይ ሲጠብቀው ኖሯል።

እዚህ ጋ ነው እኔ የቆምኩት። እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ሰማ፤ ግን በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም። ዓመቱ ጣዑን፣ ማለትም ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ የገባበት ዓመት ነው። ደማስቆ ውስጥ በቀን እስከ 2,400 ሰው ይሞት እንደነበር ጽፏል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ፣ ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱና ክርስቲያኑም የየራሱን መጽሐፍ ይዞ በአንድነት ወጥቶ አላህን ሲለምን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በካይሮ በኩል አድርጎ ወደ መካ ሄደ፤ ከሻዕባን እስከ ዙልሒጃ ቆይቶ ሐጅ አደረገ። ሐጅ ፈርድ የሚሆነው በዕድሜ አንዴ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈርዱን ካወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስለ ወላጅ ሐቅ ከኛ በላይ የሚያውቅ ቃዲም ነበር። ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም፣ እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዓመት የአላህን ቤት መናፈቁም ይገባኛል። ግን ባለፈው የረፍት ጊዜ ፕሮጀክት አለብኝ ብዬ ግቢ ቀርቼ፣ እናቴ ለዒድ እመጣ እንደሆነ በስልክ ስትጠይቀኝ ኢንሻአላህ ብዬ ቶሎ የዘጋሁትን ስልክ አስታወሰኝ። ያን ቀን ኢንሻአላህን የተጠቀምኩበት ለመምጣት አልነበረም።

ከሐጁ በኋላ በ750 ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ ላይ ከካይሮ ወደ ምዕራብ ተነሳ። አገሩና ወገኑ እንደናፈቁት እሱ ራሱ ተናግሯል። መንገዱ ቀላል አልነበረም። ከቱኒስ በካታሎኖች መርከብ ተሳፍሮ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ሲቆሙ የደሴቱ ሰዎች ተከትለው ሊማርኳቸው እንዳሰቡ ሰማ፤ አላህ ከዚያ ካወጣው ሁለት ወር በተከታታይ ሊጾም ተሳለ። ወጣም። በየብስ በቲሊምሳን በኩል አድርጎ ወደ ሞሮኮ ገባ። ታዛ የምትባል ከተማ ሲደርስ፣ ከዋና ከተማው ከፋስ ጥቂት መንገድ ሲቀረው፣ እናቱ በጣዑን መሞታቸውን ነገሩት።

ፋስ የገባው በሻዕባን መጨረሻ፣ በኅዳር 1349 ነው። ለሱልጣን አቡ ዒናን ቀርቦ ሰላም ካለ በኋላ ጠንጃ ሄዶ የእናቱን ቀብር ዘየረ። ሲወጣ የ21 ዓመት ልጅ፣ ሲመለስ የ45 ዓመት ሰው።

ይሄን ሁሉ የምናውቀው በኋላ በሱልጣኑ ትእዛዝ ለጸሐፊው ኢብኑ ጁዘይ ካስጻፈውና በ1355 ካለቀው ሪሕላው ነው። ስለ ማልዲቭስ ኮኮናት ብቻ ስንት ያወራ ሰው ስለ ጠንጃ መመለሱ የተናገረው ሁለትና ሦስት መስመር ቢሆን ነው። ቀብሩን ዘየርኩ ይላል፤ ወዲያው ቀጥሎ ሰብታ ሄዶ ሦስት ወር መታመሙን ይነግረናል። ከዚያ አንደሉስ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሰሐራን አቋርጦ ማሊ።

ወደ ማሊ ሲሄድ በበረሃው ጫፍ ሲጂልማሳ ላይ ያሳደረው ሰው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቻይና ላይ አብረው የተላቀሱት የቡሽሪ ወንድም ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ምን ያህል እንደተራራቁ ኢብኑ በጡጣ ተገርሞ ጽፏል።

ከማሊ ከተመለሰ በኋላ ዳግመኛ ሩቅ አልሄደም። የሚናገረውን የቤተ መንግሥት ሰዎች ሳያምኑት እንደቀሩ ኢብኑ ኸልዱን ጽፈዋል። በሞሮኮ ቃዲ ሆኖ ኖሮ በ770 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ዛሬ የጠንጃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በሱ ስም ነው፤ በአውሮፓ የሚኖሩ የከተማዋ ልጆች ለክረምትና ለዒድ ወደ እናቶቻቸው ሲመጡ የሚያርፉት እዚያ ነው።