ዘጌ የተወለዱት የናፖሊ አስተማሪ
ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 ዓ/ም (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጎጃም፥ በጣና ዳር፥ በዘጌ ተወለዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ ልከዋቸው በቶሪኖ ሥዕል ተማሩ። ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ከተሻገሩ በኋላ ግን በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ወደ ኢጣልያኖች ወገን ስለ ዞሩ፥ ለብዙ ዘመን ከአገራቸው ርቀው ቀሩ።

እንጀራቸው ያን ጊዜ አማርኛ ሆነ። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። ኢጣልያ ኤርትራን ትገዛ ስለ ነበር ቋንቋው ተፈላጊ ነበር። አማርኛን ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው ግሡን ለባዕድ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክመው ያስተማረ ያውቀዋል፤ በ1905 በኢጣልያንኛ የጻፉት ሰዋስው አልበቃ ብሎ፥ በ1911 ለግሥ ብቻ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1908 ባወጡት የፈረንሳይኛና የአማርኛ የመንገደኞች መነጋገሪያም የአገራቸውን ሹማምንት ክፉኛ ነቀፉ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ፥ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፥ በዚያው ዓመት በሮማ መታተሙን አንባቢ ልብ ይበል።

ኋላ ተመልሰው መንግሥታቸውን አገለገሉ፤ በሮማም ወኪሉ ሆኑ። በ1936 ግን፥ አርበኞች በዱር በገደል ሲዋደቁ፥ እርሳቸው ለጠላት አደሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው በ1947 ሞቱ።