አያቱ በጠባሳ ያወቁት ልጅ



የሰው ልጅ በአደራ ተቀብለን የምናሳድግ እናቶች፣ ሕፃኑ ወደ ወላጆቹ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ ሆዳችን ይባባል። አንዳንዴ እንዲያውም ዘመዶቹ ባልተገኙ ብለን እንመኛለን። በዚህ ዕትም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት የምናስታውሰው ስለዚህ ነው።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን በትርምሱ መካከል ከቤተሰቡ ተለየ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን አግኝቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። በአምሪትሳር ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንንም የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ስሙ ቻርልስ ማርቲን ሆነ።

አሳዳጊዎቹ አልጨከኑበትም። አብልተው፣ አልብሰው፣ አስተማሩት። በላሆር ሕክምና ተምሮ፣ በስኮትላንድም ትምህርቱን አጠናክሮ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን በቃ። ነገር ግን አማርኛው ጠፋው። የእናት የአባቱን ቤት የሚያሳየውም አልነበረም።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ሲሰማ የሐኪሙ ልብ ወደ አገራቸው አዘነበለ፤ ጥቂት ዓመት ቆይተውም አዲስ አበባ ገቡ። ወሬውን የሰሙ አያታቸው ሊያዩአቸው መጡ። ከመቅደላ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ቋንቋም አያግባባቸውም። አያቲቱ ግን የልጁን የገላ ጠባሳ አልረሱም ነበርና የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩ። ወርቅነህ የሚለው ስም የተመለሰላቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም አገራቸውን በሕክምና፣ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ በጨርጨር አገረ ገዥነትና በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛነት አገለገሉ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖርም ደከሙ። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው።

እኛን የነካን አንድ ነገር አለ። ወርቅነህ ቤተሰባቸውን ካገኙ በኋላም የአሳዳጊያቸውን ስም አልጣሉም፤ በለንደን ዶክተር ማርቲን ተብለው ይጠሩ ነበር። ልጅ ወደ ወላጆቹ ሲመለስ የአሳዳጊ እናቱን ፍቅር ጥሎ አይሄድም ማለት ነው።

እንግዲህ እኅቶች፣ ሕፃኑ ከማቻከልም ይምጣ ከአዋበል፣ በተቀበልንበት ዕለት የእናቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ የተጠመቀበትን ደብር፣ የገላውን ምልክት ሳይቀር እንጻፍ። ዘመድ ካለው በየጊዜው እናገናኘው። ደጋፊዎቻችንም ለእናት መመላለሻ የምትሰጡት የመኪና ገንዘብ እንደ ዱቄቱና እንደ ወተቱ ሁሉ ለልጁ የሚያስፈልገው ነው። ወርቅነህን ለቤተሰባቸው የመለሰው የአንዲት አያት ትዝታ ነው። እኛ ግን የልጆቻችንን መመለሻ መንገድ ለጠባሳ ብቻ አንተወው። ልጁ የእግዚአብሔር አደራ ነው፤ አደራም ለባለቤቱ ይመለሳል።