ማስታወቂያን ዜና ያስመሰለው ሰውዬ

ኤድዋርድ በርኔይስ ይባላል። በ1891 ቪየና ተወልዶ ኒውዮርክ አደገ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ አጎቱ ነው። ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ እኛን ግን ከሁሉም የሚገርመን የሲጋራው ነው።

ያኔ አሜሪካ ውስጥ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስታጨስ መታየት ነውር ነበር። ለትምባሆ ነጋዴዎች ደግሞ ይሄ ትልቅ ኪሳራ ነው። የለኪ ስትራይክ ሲጋራ አምራች በርኔይስን ቀጠረው። እሱ ታዲያ ሲጋራ ግዙ ብሎ አልለፈፈም። በ1929 የፋሲካ ዕለት፣ የኒውዮርክ ሰው አምሮበት በሚወጣበት ፊፍዝ አቬኑ ላይ፣ ወጣት ሴቶች ሲጋራ ለኩሰው እንዲሄዱ አደረገ። ሲጋራውም የነፃነት ችቦ ተባለ። ጋዜጦች የሴቶች መብት ጉዳይ አድርገው ዘገቡት። ከጀርባ ማን እንደከፈለ አንባቢው በምን ይወቅ? የሚያነበው ዜና እንጂ ማስታወቂያ አይደለማ!

በኋላ ለሙዝ ነጋዴው ዩናይትድ ፍሩት ሠራ። ጋዜጠኞችን ጓቲማላ ድረስ እያስወሰደ፣ የፕሬዚዳንት አርቤንዝ መንግሥት የኮሚኒስት ስጋት ሆኖ እንዲሳል አደረገ። በ1954 ሲአይኤ ያቀነባበረው መፈንቅለ መንግሥት አርቤንዝን ጣለው።

ቤቱ ውስጥ ግን የገዛ ሚስቱን ማጨስ አቁሚ እያለ ይወተውታት ነበር። ሲያረጅ ጭራሽ ፀረ ሲጋራ ዘመቻ ውስጥ ገባ። በ1995፣ በ103 ዓመቱ ሞተ።