የወይዘሮ ፍሎረንስ ፕራይስ የሕይወት ታሪክ

ስለ ክላሲክ ሙዚቃ ሲነሣ ሞዛርትንና ቤትሆቨንን በስም የማያውቅ ተማሪ ከመካከላችን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ወይዘሮ ፍሎረንስ ፕራይስ ብንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ዝምታው የእኛ ብቻ አይደለም፤ በተወለዱበት በአሜሪካም ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነበር።

ወይዘሮ ፍሎረንስ በ1887 (ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአርካንሳስ፣ በሊትል ሮክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጥርስ ሐኪም፣ እናታቸው የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። በቦስተን ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ገብተው በ1906 ተመረቁ። እናታቸው የዘር ጥላቻውን ፈርተው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የልጃቸውን አገር ሜክሲኮ ብለው አስጽፈው ነበር። አንዲት ልጃገረድ ለመማር ስትል አገሯን መካድ ካስፈለጋት፣ የዚያን ጊዜውን አሜሪካ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻንም።

ከዚያ በኋላ በደቡብ ባሉ የጥቁሮች ኮሌጆች አስተማሩ፤ በ1912ም ጠበቃ አገቡ። በ1927 በሊትል ሮክ አንድ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ ተገደለ፤ በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ተሰደደ። ትዳሩ በ1931 ፈረሰ። ወይዘሮ ፍሎረንስ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በሲኒማ ቤት ኦርጋን መቱ፣ ለራዲዮ ማስታወቂያም ዜማ ደረሱ።

በ1932 ሲምፎኒያቸው የዋናሜከርን ሽልማት አገኘ። በሰኔ 1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በፍሬደሪክ ስቶክ መሪነት ተጫወተው። በታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲምፎኒዋ የቀረበላት የመጀመሪያይቱ ጥቁር ሴት እርሳቸው ናቸው። ግን አንድ በር ተከፈተ ማለት ሁሉም ተከፈተ ማለት አልነበረም። በ1943 ለቦስተኑ መሪ ለኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጽፈው ሴትነታቸውንና ጥቁርነታቸውን ሳይሸሽጉ፣ ሙዚቃው በራሱ ዋጋ እንዲመዘን ለመኑ። ኩሴቪትስኪ አንድም ሥራቸውን አላቀረቡም።

እኛን ይበልጥ የሚማርከን ለአራትና ለአምስት ተጫዋች የደረሱት የቻምበር ሙዚቃ ነው። በኤ ማይነር የተደረሰውን የፒያኖና የአውታር መሣሪያዎች ኵንቴት እንውሰድ። አውሮፓውያን ስኬርዞ በሚያገቡበት ቦታ ወይዘሮ ፍሎረንስ ጁባን አገቡ። ጁባ ማለት ከበሮ የተከለከሉ ባሮች እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ሲምፎኒ ለማሰማት ብዙ ሰውና ፈቃደኛ መሪ ያስፈልጋል፤ ለኵንቴት ግን አምስት ባልንጀሮችና አንድ ፒያኖ ይበቃሉ። (ከእኛ ማኅበር አምስቱን በአንድ ሰዓት ማሰባሰብ ራሱ ቀላል ባይሆንም!) ሆኖም ኖታው ካልታተመ አምስቱስ ምን ይዘው ይቀመጣሉ? አብዛኛው በእጅ ጽሕፈት እንደ ነበረ ቀረ።

ወይዘሮ ፍሎረንስ በ1953 በቺካጎ ዐረፉ። በ2009 ባልና ሚስት በኢሊኖይ፣ በሴንት አን፣ አንድ ወና ቤት ሊያድሱ ገቡ። ጣራውን የወደቀ ዛፍ ቀዶታል። ዝናም ባልደረሰበት ክፍል ግን ክምር ወረቀት አገኙ፤ ቤቱ የወይዘሮ ፍሎረንስ የበጋ መኖሪያ ኖሯል። ከወረቀቱ መካከል ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒ ነበሩ። ክምሩ ወደ አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ2018 የሺርመር ማተሚያ ድርጅት የሥራዎቻቸውን የማሳተም መብት ያዘ፤ ኖታውም ከተጫዋቾች እጅ መድረስ ጀመረ። በ1929 የጀመሩት የጂ ሜጀር ኳርቴት ግን የተረፈው ሁለት ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ ተጫዋቾች ዛሬም ሁለቱን ተጫውተው ይነሣሉ።