አቡነ ጴጥሮስና የሐምሌ ጨለማ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሳያይ አያልፍም። እኛም ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማና ደብተር ለመግዛት ስንወርድ እዚያው እንቀጣጠራለን። ነገር ግን ከቀጠሮ ምልክትነት አልፎ የሰውዬውን ታሪክ የጠየቀ ከመካከላችን ስንቱ ይሆን?

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በደብረ ሊባኖስ ተምረው መነኰሱ፤ በመምህርነትም አገለገሉ። በ1921 ዓ.ም. ከሌሎች ሦስት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ወደ ግብፅ ተልከው ጵጵስና ተቀበሉ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የምታገኘው ከግብፃውያን ብቻ ስለ ነበረ፣ ይህ ሹመት ለአገሩ ታላቅ ደስታ ሆኖ ነበር።

ደስታው ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ። ሹማምንቱ አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ጫካ ገባ፣ ሌላውም ለጠላት አደረ። አብረዋቸው ጵጵስና ከተቀበሉት አንዱ አቡነ አብርሃም እንኳ ለኢጣልያ ገቡ። ለአንድ መነኩሴ ከዚህ የባሰ ጨለማ ምን አለ? በሌላ በኩል ግን ያልተበረከኩ ነበሩ። የደጃዝማች አበራ ካሳ አርበኞች ከሰላሌ ሲነሡ አቡነ ጴጥሮስ ከእነርሱ ጎን ቆሙ።

ሐምሌ 21 ቀን አርበኞቹ በልዩ ልዩ በር አዲስ አበባን ወጉ። ነገር ግን ክረምት ነበረ፤ ወንዙ ሞልቷል፤ አንዱ ጦር ከሌላው ጋር የሚገናኝበት መላ አልነበረም። በአንድ ጊዜ መድረስ ስላልቻሉ ውጊያው ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስም ተያዙ።

ጠላት የፈለገው ነገር ቀላል ነበር፤ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ። ይህን ቢያደርጉ ሕይወታቸው በተረፈች ነበር። እርሳቸው ግን በተቃራኒው ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያች ሰዓት የተስፋ ምልክት የሚባል ነገር በዓይን አይታይም ነበር። ውጊያው ትናንት ከሽፏል፤ ንጉሡ በስደት ላይ ናቸው፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም በዚያው ወር ማዕቀቡን አንሥቷል። ስለዚህ የጳጳሱ ተስፋ የድል ግምት ነበር ሊባል አይችልም፤ ድል ባይመጣም የሚጸና፣ ሞትን ከትንሣኤ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ እምነት ነበር። አንዳንድ ወዳጆቻችን ሃይማኖት ሰውን አንገት ያስደፋል ይላሉ። በዚህ ሰው ላይ ያደረገውን ቢመረምሩ መልካም ነው።

ወዲያው የተሻለ ነገር አልመጣም። በ1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ፍቼ ላይ፣ አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ ተገደሉ። ነፃነት የተመለሰው በ1933 ዓ.ም. ነው።

በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ብለውም ለዩት። መርካቶ የሚለው ስም ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው። ወደዚያ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን የቆመው የጳጳሱ ሐውልት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ሥራ ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። የባቡሩ ዋሻ ከሥሩ ያልፋል።